የረገፈው ሐባብ

የልጅ ልጄ ቡሬ ኪያር ስትቆርጥ ሽታው ወደ እናቴ ጓሮ መለሰኝ። አጎቴ ከቆላ ባመጣው ዘር፣ ኪያር የሚመስል ግን እንደ ክንድ የሚረዝም ሐባብ ተክለን ነበር። መጀመሪያ የያዘው አንድ ፍሬ ብቻ ነው። በእኛ አገር ለጋ ፍሬ በጣት አይጠቆምም፤ ይረግፋል ይባላል። የጎረቤታችን ልጅ አለሚቱ ግን "ውይ፣ እባብ እኮ ነው የሚመስለው!" ብላ ጣቷን ቀሰረችበት። በሦስተኛው ቀን ረገፈ።

"አንቺ ነሽ ያረገፍሽው! ሁለተኛ ደጃችን እንዳትደርሺ!" ብዬ ፈረድሁባት።

"ሳላውቅ ነው እኮ፣ እቴ" አለች እያለቀሰች።

በየማለዳው በሰለ አልበሰለም እያልሁ ፍሬውን ስጨምቅ የከረምሁት እኔ መሆኔን ግን ለማንም አልተናገርሁም። እናቴ የረገፈውን አንስታ የጥፍሬን ምልክት አየች።

"ሐባቡስ ሌላ ያፈራል፣ ልጄ" አለችኝ። ያጽናናችኝ መስሎኝ ነበር።

እውነትም ሌላ አፈራ፤ እኔም ጠገብሁ። አለሚቱ ግን ደጃችንን ሳትረግጥ ወላጆቿ ወደ ሊበን ይዘዋት ሄዱ። ወሬዋን ሰምቼ አላውቅም። በሕይወት ካለች፣ ዛሬም ያን ፍሬ በጣቷ እንዳረገፈችው ታምን ይሆናል።