የግራ ጎኗ ስርጉድ

ሰውየው ባትላሜራ ነው፤ ዕድሜውን የፈጀው የተጋጨ መኪና ሲያቃና ነው። የሰረጎደ ነገር ካየ እጁን ይበላዋል፤ የጎረቤት ድስት እንኳ ሳይጠየቅ ቀጥቅጦ ይመልሳል። ሙያው አንድ ሕግ አለው፦ አንደኛው ጎን ከተጎዳ ደህናውን ቅዳና ገልብጥ። ለዚሁ ብሎ ከጃንጥላ ሽቦ የሠራት፣ ማበጠሪያ የምትመስል መቅጃ አለችው። ብረት ላይ ሲገፋት ጥርሶቿ እየተንሸራተቱ የብረቱን ቅርጽ ይዘው ይቀራሉ።

ታላቅ እህቱ ጡረታ ስትወጣ፣ ድሮ ትነዳት የነበረችውን የማሻገሪያ ጀልባ በትንሹ ከእንጨት ሠርቶ ሊሰጣት ተነሣ። ጀልባዋ የአሮጌ ብረት ግቢ ተጥላለች። ሄዶ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ መቅጃውን እየገፋ ቅርጿን ወረቀት ላይ አሰፈረ። የቀኙን ብቻ። ግራው ሰርጉዷል፤ የተበላሸ ነገር ምኑ ይቀዳል? ቤቱ ገብቶ ወረቀቱን ገለበጠና ግራ ጎን ተገኘ።

እህቱ ሞዴሏን ተቀብላ አገላበጠቻት።

«ይቺ የማን ናት?»

«ያንቺ ናት እንጂ እትዬ! ምነው?»

«የእኔዋ ግራ ጎኗ ገብቷል።»

«እሱንማ አቃናሁልሽ።»

«ማን አቃና አለህ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቀን ጀልባዋ ሰው እንደጫነች፣ ሞተሩ ወደኋላ አልሄድም ብሎ፣ ተሳፋሪ ወደሚጠብቅበት የወደቡ ደረጃ ተንደረደረች። እህትየው መሪውን ጠምዝዛ ግራ ጎኗን ከድንጋዩ ግንብ ጋር እያፋተገች አቆመቻት። የጫነችውም፣ ደረጃው ላይ የቆመውም በእግሩ ቤቱ ገባ። ለአለቆቿ ሞተሩ ማርጀቱን ስትነግራቸው ሰንብታ ነበር። ጉዳቸው እንዳይወጣ «በግዴለሽነት ግንብ ገጨች» ብለው ከመሪው አነሷትና የቲኬት መስኮት ውስጥ ቀበሯት። እነሱ እስካሁን ወንበራቸው ላይ ናቸው። እነሱን የሚያቃና ባትላሜራ አልተገኘም።

«ያ ስርጉድ ምስክሬ ነበር» አለች። «እነሱ ሊያጠፉት ያልቻሉትን አንተ አጠፋህልኝ።»

ብትቆጣ ይሻለው ነበር፤ አልተቆጣችም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ብረት ቆራጭ ካልቀደመ ነዋ! ባትላሜራው መቅጃውን ይዞ ሮጠ። ሲደርስ የጀልባዋ አፍንጫ የለም፤ ቆራጩ እሳቱን ወደ ሆዷ እያስጠጋ ነው።

«ቆይ ወንድሜ! ይሄን ስርጉድ ልቅዳው!»

«ደህናው ጎን ያውልህ እኮ።»

«ደህናውን አልፈልግም።»

ቆራጩ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ አየው። «ጤና ነህ?»

«አሁን ነው የተሻለኝ።»

«ምሳዬን እስክበላ። ከዚያ ወዲያ አላውቅህም።»

መቅጃዋን ገፋት፤ ጥርሶቿ ጠልቀው አልደረሱም። ከግቢው ሽቦ ለቃቅሞ አስረዘማቸው፤ እንደገና ገፋ፤ ያዘለት። የመጨረሻዋን መስመር ሲያሰፍር ቆራጩ አፉን እየጠረገ መጣ።

ቤት ሲገባ የሞዴሏን ግራ ጎን መፈልፈል ጀመረ። ችግሩ እጁ ነው። ይፈለፍልና፣ አመል ሆኖበት፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይጀምራል። እህቱ ራሱ ላይ ቆማ ታንባርቃለች።

«ተው አታለሳልሰው! ግንብ ነው የመታት፣ ትራስ አይደለም!»

«እጄ ነው እትዬ...»

«እጅህን ሰብስብ!»

በስንት ጭቅጭቅ አለቀች። እህትየው አውራ ጣቷን ስርጉዱ ውስጥ ከትታ ለካችው። ከዚያ ግራ ጎኗን ወደ በሩ አዙራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት።

የወንድሟ የሥራ ባልደረባ ሊጠይቃቸው መጣና ገና ሳይቀመጥ ዓይኑ እዚያው አረፈ።

«ውይ፣ ወደቀችባችሁ? ስቱኮ አለኝ፤ በአንድ አፍታ እሞላላችኋለሁ።»

ወንድምየው አፉን ሊከፍት ሲል እህቱ ቀደመችው።

«አልወደቀችም፤ አቆምኳት። ቁጭ በል ልንገርህ።»

ሰውየው ቁጭ አለ።