በሐዘን ሰሞን ቤት አይሸጥም

ባለፈው ቅዳሜ ቤት ልንገዛ ቤልጂየም ድረስ ሄደን... እስቲ ልተንፍስና ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ግን ይታወቅልኝ፣ እኔ ደክሞኛል። ሳምንቱን ሙሉ እዚህ ሆላንድ በታውስዞርኽ፣ ማለት በቤት ለቤት እንክብካቤ ሥራ፣ በየቤቱ እየዞርኩ አዛውንት ሳጥብና ሳለብስ ከርሜ ቅዳሜን የምፈልገው ለእንቅልፍ ብቻ ነው። ባለቤቴ ደረጀም ከኔ አይሻልም። ዛንዳም ከተማ ካካዎ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ሲያነሳ ወገቡ አልቋል። ኦስዶርፕ ያለችው ቤታችን ደግሞ መስኮቷ የሚያሳየን የሌላ ሰው መስኮት ነው።

ደረጀ የደሴ ልጅ ነው፣ የጦሳን ተራራ እያየ ነው ያደገው። «በዚህ አገር ዓይኔ የሚያርፍበት አጣ፣ ሁሉም ሜዳ!» ይላል ሁልጊዜ። ከሥራ ሲገባ ሶፋው ላይ ይዘረጋና በስልኩ አርደን የሚባለው የቤልጂየም ተራራማ አገር ውስጥ የሚሸጡ ቤቶችን ያያል። ለጊዜው ቅዳሜና እሑድ ወገቡን ሊያሳርፍበት፣ ጡረታ ሲወጣ ደግሞ ጠቅልሎ ሊገባ። ታዲያ አንዷን አገኘ። የድንጋይ ቤት ናት፣ ጫካ ጥግ፣ አቅማችንም የሚችላት። «እንዲህ ያለች ሁለተኛ አትገኝም» አለኝ። ምን ላድርግ... ሄድን።

መኪና ውስጥ እንደተኛሁ ደረስን።

«ተራራው የታለ?» አልኩት ዓይኔን እያሸሁ።

«ይኸው!»

«ይሄ? ይሄማ ደሴ ቢሆን ስም እንኳ አይወጣለትም!»

«ከኦስዶርፕ ለመጣ ሰው ተራራ ነው» አለኝ።

ቤቷ ግን እውነቱን ልናገር፣ ታምራለች። ደረጀ በሩ ላይ ቆሞ ቁልቁል ሸለቆውን ሲያይ የተወጠረ ትከሻው ሲረግብ አየሁት። እንዲህ ሆኖ ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነው። «እግዚአብሔር ሆይ፣ ይህችን ቤት ስጠው» አልኩ በሆዴ።

በሩን የከፈቱልን የቤቱ ባለቤት ናቸው፣ ሪያ የሚባሉ ሆላንዳዊት አዛውንት። ከባላቸው ጋር ጡረታቸውን ሊያሳልፉ እዚያ የገቡ ናቸው። ማካላሩ፣ ማለት ቤቱን የሚያሻሽጠው ሰውዬ፣ ስልክ ተደወለለትና «ከኩሽናው ጀምሩ» ብሎን ወጣ።

ኮሪደሩ ላይ የወንድ ኮት ተሰቅሏል። ከሥሩ ጭቃ የደረቀበት ቦት ጫማ አለ። ደረጀ ጨዋታ ለመጀመር ብሎ «ባለቤትዎ የሉም እንዴ?» አላቸው።

«ሄንክ ከሞተ ሦስት ሳምንቱ ነው» አሉ። ቤቱ ለሽያጭ የወጣው ለካ ሰውየው ሲታመሙ ነው።

እኔና ደረጀ ተያየን። በቃ፣ አለቀ። አርባው እንኳ ያልወጣ ለቅሶ ቤት ገብተህ «ጣሪያው ያፈሳል ወይ?» ትላለህ? ደረጀ ኮፍያውን አወለቀ። እኔ ሻርፔን ትከሻዬ ላይ አጣፋሁ። ሳሎን ገብተን ቁጭ አልን። እንደ ወጉ «ምን ታመው ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

ሴትየዋ ትክ ብለው አዩኝ። «ቤቱን ሊያይ የመጣ ሰው ሁሉ ስለ ማሞቂያው ነው የጠየቀኝ። ስለ ሄንክ የጠየቀኝ የለም» አሉና እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ከዚያ ከመጀመሪያዋ ሳል ጀምረው እስከ መጨረሻው ነገሩን።

ምኑን ልደብቃችሁ፣ አብሬያቸው አለቀስኩ። ለመንገድ የያዝኩትን ዳቦና ምስር ወጥ አወጣሁና «እኛ አገር ለቅሶ ቤት የሚያበላው ጎረቤት ነው» ብዬ በግድ አጎረስኳቸው። ደረጀ ያንን ጉደኛ ወገቡን ይዞ ጓሮ ወጣና ለምድጃው እንጨት ፈለጠላቸው። ማካላሩ ሲመለስ እኔን ዕቃ ሳጥብ አገኘኝ።

«ፎቁን አያችሁት?»

«ቆይ፣ በኋላ» አልኩት። ሰውየው ግራ ገብቶት መኪናው ውስጥ ሄዶ ተቀመጠ።

ልንሄድ ስንነሳ ሪያ የደረጀን እጅ ያዙ። «ሌላ ሰው አልፈልግም። ለእናንተ ብሸጠው ደስ ይለኛል» አሉት።

በልቤ እልል አልኩ! አዎ በል፣ በል እንጂ...

ደረጀ ግን አንዴ ሽማግሌ ሆኗል። እንደ አባቱ አንገቱን ደፋ አድርጎ «እናቴ፣ በሐዘን ሰሞን ቤት አይሸጥም» አላቸው። እግሩን ረገጥኩት። አልሰማም! «ልብዎ ይረጋ። ቢያንስ ዓመቱ ይውጣ» ብሎ ጨረሰው።

ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ «ለመሆኑ ስንት ክፍል አለው?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቄ፣ ሳሎኑንና ጓሮውን ነው ያየሁት። አንቺስ?»

«እኔ ኩሽናውን።»

ረቡዕ ማካላሩ ደወለ። ሴትየዋ ቤቱን ከሽያጭ አውጥተውታል። «አንድ ጥሩ ሰው መከረኝ ይላሉ። ማን ይሆን፣ ታውቁታላችሁ?» አለ።

ደረጀ ስልኩን ዘግቶ መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ። ማዶ ያለው ጎረቤታችን በረንዳው ላይ ፎጣ ያሰጣል። ደረጀን ልቆጣው አልኩና ምን ብዬ? የተናገረው ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው እኮ የሚያናድደው!

ከመስኮቱ ዞር አለና «የሄንክ ሙት ዓመት መቼ ነው የሚውለው?» አለኝ።

ሌላው ሰው ቤት ለመግዛት የባንክ መልስ ይጠብቃል... እኛ የማናውቀው ሰው ሙት ዓመት እስኪደርስ እየጠበቅን ነው።