ቀይ ምላስ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ለሥራ ከሰነበተችበት ከመተማ ስትመለስ አንድ ፌስታል ሙሉ ደረቅ ከርከዴ ይዛልን መጣች። ባለቤቴ ቀዩን አበባ በውሃ ዘፍዝፋ፣ አጥልላ፣ ስኳሩን ሳትሰስት ጨምራ በጆግ ካቀረበችው በኋላ የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጄ ሁለት ብርጭቆ ግጥም አድርጋ ጠጥታ እኔ ጋዜጣ ወደማነብበት በረንዳ መጣችና ፊቴ ቆማ ምላሷን እስከ አገጯ ዘርግታ “አባባ፣ ቀልቷል?” ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ሳላስበው “ወደ ላይ አንሺው!” አልኳት። ድምፁ የእኔ አልነበረም፤ ከአርባ ዓመት በፊት በዚያ በቆላው ሜዳ ላይ እሑድ እሑድ ጠዋት አሰልፈው የሚፈትሹን የጋሼ ታምራት ድምፅ ነበር። ልጅቷ ጨዋታ መስሏት ምላሷን ወደ ላይ አንስታ ሳቀች፤ እኔ ግን መሳቁ አልሆነልኝም።

ልጅነቴን ያሳለፍኩት በደርግ ዘመን፣ ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ በነበረ አንድ የመንግሥት እርሻ ውስጥ ነው። አባቴ የሰሊጥ መጋዘን ጠባቂ ነበር፤ ስለዚህ የቤታችን ልብስ፣ እንጀራውና ፀጉራችን ሳይቀር የሰሊጥ ሽታ ነበረው፤ ጎንደር ዘመድ ጥየቃ ስንሄድ ገና ደጃፍ ላይ ሳለን ነበር ከሽታችን የሚያውቁን። እርሻው ትራክተርና መጋዘን ብቻ ሳይሆን የእግር ኳስ ክለብም ነበረው። ተጫዋቾቹ በደሞዝ ዝርዝሩ ላይ የትራክተር ረዳት ተብለው የተጻፉ፣ ትራክተሩን ግን በሩቁ ብቻ የሚያውቁት ሰዎች ነበሩ፤ ሥራቸው ኳስ ነው፤ የጎንደርን ቡድን አሸንፈው የመጡ ዕለት ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ከመኪናው ወርዶ ይጨብጣቸዋል። ከነሱ ሥር፣ እነሱ ሲያረጁ ቦታቸውን እንዲተኩ የሚኮተኮቱ ልጆች ነበሩ። ተስፋ ቡድን ይሉን ነበር። የተስፋ ቡድኑ አምበል እኔ ነበርኩ፤ ይህንንም ለሚያውቀኝም ለማያውቀኝም ሳልናገር የዋልኩበት ቀን አልነበረም።

አሰልጣኛችን ጋሼ ታምራት የጋራዡ መካኒክ ናቸው፤ ድሮ በሠራዊት ቡድን ውስጥ በረኛ ስለነበሩ ሰው ሲጨብጡ እንኳን ኳስ የያዙ ይመስላሉ። የቆላው ፀሐይ ከወጣች ስለማትምር ልምምዳችን ገና ጎሕ ሲቀድ ይጀመራል። ሜዳው ዋልካ ነው፤ ዝናቡ ባቆመ በወሩ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ያወጣል፤ ስለዚህ ኳስ ከመንካታችን በፊት እያንዳንዳችን አንድ አንድ ሸክም የሰሊጥ ገለባ አምጥተን ስንጥቁን መጠቅጠቅ ግዴታችን ነበር። ቢሆንም ኳሷ አንዳንዴ የረሳነውን ስንጥቅ ፈልጋ ትገባለች፤ ያን ጊዜ በረኛችን ወደ አንዱ ጎን፣ ኳሷ ወደ ሌላው ጎን፣ ጋሼ ታምራትም ወደ ሰማይ ያያሉ።

ትልቁ ጠላታችን ግን ስንጥቁ አልነበረም፤ ወባ ነበረች። ጋሼ ታምራት አንድ ዓመት የቡድናቸውን ግማሽ ወባ አልጋ ላይ አውላባቸው ውድድር ከቀሩ ወዲህ ሕግ አወጡ፤ እሑድ እሑድ ጠዋት ሁላችንም ተሰልፈን የወባ መከላከያ ክኒናችንን ፊታቸው እንውጣለን። ክኒኑ ሲመር ለጉድ ነው። ከጎናቸው የሱቁ ባለቤት ሼህ አደም በነጭ ጀላቢያቸው ቆመው፣ ከራሳቸው ኪስ ያዘጋጁትን ከርከዴ በጣሳ ይቀዱልናል። ክኒን፣ ከዚያ ከርከዴ፣ ከዚያ “ወደ ላይ!” ይባላል፤ ክኒን ከምላሱ ሥር የደበቀ ይጋለጣል። ምላሱ የቀላ፣ ሥሩም ባዶ የሆነ ልጅ በጋሼ ታምራት ደብተር ላይ ከስሙ ትይዩ ምልክት ይደረግለታል፤ ሼህ አደምም “ጠማም?” ይሉታል፤ ደህና ነህ ወይ ማለታቸው ነው፤ እሱም “ጠማም!” ብሎ ወደ ሜዳ ይሮጣል። ይህን ሳያደርግ ኳስ የነካ ልጅ አልነበረም።

አንዳርጌ ከጎጃም ነው የመጣው፤ ለአጨዳ ከወረደ አጎቱ ጋር። መጀመሪያ ያየነው የሰሊጥ ነዶ ተሸክሞ፣ ነዶው እንዲደርቅ ተደጋግፎ በቆመበት ክምር፣ ሂላ በምንለው መሐል እየተሽሎከለከ ሲሮጥ ነው፤ የደረሰ ሰሊጥ ሲነካ ፍሬው ይረግፋል፣ እሱ ግን በዚያ ጠባብ መሐል ሮጦ አንዲት ፍሬ አያራግፍም ነበር። ጋሼ ታምራት ያንን አይተው ከአጎቱ ለመኑት፤ አጎትየው አጨዳው ሲያልቅ ለብቻው ወደ አገሩ ተመለሰ፤ አንዳርጌ እሳቸው ቤት ቀረ፤ አራተኛ ክፍል ገባ፤ የቡድናችንም የቀኝ ክንፍ ሆነ። ስለ ችሎታው ብዙ ማውራት አልወድም፤ እሱ ኳስ ሲይዝ እኔ አምበሉ ቆሜ እመለከት ነበር ብል ይበቃል። ጓደኛዬ ነበር፤ እወደው ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የማወራው እንዳይሸፍነው ነው።

የአንዳርጌ መከራ ክኒኑ ነበር። ሌሎቻችንን ምሬቱ ብቻ ሲያስቸግረን እሱን ግን ያሳክከዋል፤ እሑድ የዋጠው እስከ ማክሰኞ መዳፉንና የእግሩን ውስጥ ሳይቀር ያስፍቀዋል፤ ጀርባውን የጋራዡ በር ላይ እንደ አህያ ሲታከክ አይተን በሳቅ እንፈርስ ነበር። እሱም አብሮን ይስቃል፤ ግን አንዳንድ ሰኞ ዓይኑ ደም ለብሶ፣ እንቅልፍ ሳያገኝ ትምህርት ቤት ሲመጣ አስታውሳለሁ።

በቀጣዩ ዓመት በአጨዳው ሰሞን አብደራፊ ያሉት ትራክተሮች እየተበላሹ አስቸገሩና ጋሼ ታምራት ለሦስት ሳምንት ወደዚያ ተላኩ። ሲሄዱ የክኒኑን ቆርቆሮና ደብተሩን ለእኔ አስረከቡኝ። በመጀመሪያው እሑድ ሁሉም ውጦ ሲያበቃ የመጨረሻው ተሰላፊ አንዳርጌ ነበር። እጄን ያዘና ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ወንድምዓለም፣ በሞቴ ዛሬን ብቻ ማረኝ፤ ቆዳየን ገፍፌ ልጥለው እስኪለኝ ነው እኮ የሚያሳክከኝ” አለኝ። አዘንኩለት። እውነቱን ነው የምናገረው፣ ያን እሑድ አዝኜለት ነው። ሼህ አደም ከርከዴ ለመቅዳት ጎንበስ ሲሉ ክኒኑን ወደ ቆርቆሮው መልሼ ከርከዴውን ብቻ አጠጣሁት፤ ምላሱ ቀላ፤ ደብተሩ ላይ ምልክት አደረግሁለት፤ ሼህ አደም “ጠማም?” አሉት፤ “ጠማም!” ብሎ ሮጠ።

በሳምንቱ መሐል ከአብደራፊ ሰሊጥ ጭኖ የመጣ ሾፌር የጋሼ ታምራትን መልእክት አደረሰኝ። ከጎንደር የትልቁ ክለብ መልማይ በአራተኛው እሑድ እንደሚመጣ፣ የክለቡ የታዳጊዎች ካምፕ አልጋና ቀለብ፣ ትምህርት ቤትና መታወቂያ እንዳለው፣ ከእኛ መሐል የሚወስደው ግን አንድ ልጅ ብቻ መሆኑን ነገረኝ። ሾፌሩ መኪናውን ካስነሳ በኋላ ራሱን በመስኮት አውጥቶ “ደሞ ክኒኑን አደራ ብሎኻል” ብሎኝ ሄደ።

አንድ ልጅ ብቻ። ያን ቃል ይዤ በመጋዘኑ ጥላ ሥር ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ማን እንደሚመረጥ ደግሞ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም ነበር። በሁለተኛው እሑድ አንዳርጌ መለመን እንኳን አላስፈለገውም፤ ተራው ሲደርስ በዓይኑ ብቻ አየኝ፤ እኔም ጣሳውን አቀበልኩት። በሦስተኛውም እንዲሁ። አዝኜለት ነበር? አዎ፣ ቢውጠው ማሳከኩ እኮ አይቀርለትም ነበር። ሌላ ነገርስ አስቤ ነበር? ወባ ትያዘው ብዬ አላሰብኩም፤ ግን “ክኒኑን ዋጥ” ልለው አፌን በከፈትኩ ቁጥር አንድ ነገር አፌን ይይዘኝ ነበር። ያ ነገር ስሙ ምን እንደሆነ ይኸው እስከዛሬ ከራሴ ጋር ስከራከር አለሁ።

ምልመላው ሦስት ቀን ሲቀረው አንዳርጌ ተኛ። ራሱን አመመው፣ ተንቀጠቀጠ፣ አስመለሰው። ዓርብ ዕለት ጋሼ ታምራት ከአብደራፊ ደረሱና ገና አቧራቸውን ሳያራግፉ ደብተሩን ተቀበሉኝ። የአንዳርጌን መስመር በጣታቸው ተከትለው ሦስቱን ምልክቶች አዩ። “ወስዷል፤ እንግዲያው ወባ አይደለም፣ ፀሐይ ነው የመታው” አሉ። የእርሻው ድሬሰርም መጥቶ ያንኑ ደብተር አየና ያንኑ አለ፤ አስፕሪን ሰጠው፣ ግንባሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርጎለት ሄደ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ነገ እናገራለሁ አልኩ፤ ቅዳሜ ደግሞ ምናልባት ይሻለዋል አልኩ።

እሑድ ተጫወትን። በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን ተጫውቼ አላውቅም፤ አንዳርጌ በሌለበት ሜዳ ኳሷ ሁሉ ወደ እኔ ትመጣ ነበር። ፊሽካው ሲነፋ መልማዩ ትከሻዬን ይዞ ስሜን ጠየቀኝና ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ስሜ ሲጻፍ አየሁ። ከዚያ በኋላ ነው፣ ስሜ ከተጻፈ በኋላ፣ ወደ ጋሼ ታምራት ሄጄ “ጋሼ፣ አንዳርጌ ክኒኑን አልወሰደም፤ ሦስቱንም እሑድ አልሰጠሁትም” ያልኳቸው። የሚመቱኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሳቸው ግን “ጨዋታው ካለቀ በኋላ?” ብቻ አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ዘወር ብለው እየሮጡ ወደ ድሬሰሩ ሄዱ፤ ያንን ትልቅ ሰው ሲሮጥ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

አንዳርጌ ሰው መለየት አቁሞ ነበር። በእርሻው ላንድሮቨር ጎንደር ሆስፒታል ደረሰና ተረፈ። ግን በወሩ ተመልሶ ሲመጣ እግሮቹ ያው እግሮች አልነበሩም፤ ከመጋዘኑ እስከ ጋራዡ ለመሄድ መሐል ላይ ያርፍ ነበር። ወደ ካምፕ ልሄድ ስል ተሰናበትኩት። የጋሼ ታምራት በረንዳ ላይ ጋቢ ተከናንቦ ተቀምጦ ነበር። ስለ ክኒኑ ጋሼ ነግረውታል፤ እኔም ይቅር በለኝ ልለው ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት፤ እሱ ግን ቀደመኝ። “እኔ ለምኘህ ነው፣ አንተን ለምን ይቆጡሀል? እንዲያውም እንደዚያ ያዘነልኝ ሰው የለም” አለኝ። ሾፌሩ ያመጣውን መልእክት፣ ከሁለተኛው እሑድ በፊት ምን አውቅ እንደነበር ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። አመስግኖኝ ተለያየን።

በካምፑ የቆየሁት ሁለት ዓመት ነው። ከዚያ ፍጥነት የለውም ብለው አሰናበቱኝ፤ ትክክል ነበሩ። እዚያ ሳለሁ ነው ከጋሼ ታምራት ወሬው የደረሰኝ። ገንዳ ውሃ በገበያ ቀን አፈሳ ነበር፤ ለጦርነቱ ወጣት ይሰበስቡ ነበር። የተስፋ ቡድኑ ልጆች ለኳስ ጫማ ግዢ አብረው ወጥተው ኖሮ፣ መኪናው ሲመጣ ሁሉም ሮጠው በየማሽላው ውስጥ ተበታትነው አመለጡ። አንዳርጌ አልቻለም። ነዶ ተሸክሞ በሂላ መሐል አንዲት ፍሬ ሳያራግፍ ይሮጥ የነበረው ልጅ መሮጥ አቅቶት ቆሞ ያዙት። ያኔ የእኔ ደረት ኪስ ውስጥ ከአፈሳ የሚያስጥል የክለቡ መታወቂያ ነበር። ከዘመቻው የተመለሱትን ሁሉ ጠይቄያለሁ፤ አየሁት ያለኝ የለም። የአጎቱን ቀበሌ ስም እንኳን የሚያውቅ አላገኘሁም።

እርሻው ዛሬ የለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያ ሳልፍ ሜዳው ታርሶ ሰሊጥ ተዘርቶበት አየሁ፤ ስንጥቁን የሚጠቀጥቅለት የለም። ሼህ አደም ካረፉ ቆይተዋል። ጋሼ ታምራት እዚህ ጎንደር ልጃቸው ቤት ታመው ሳሉ ልጠይቃቸው ሄጄ ከትራሳቸው ሥር ያንን ደብተር አውጥተው “አንተ ጋ ይቀመጥ” አሉኝ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ደብተሩ አሁን መሳቢያዬ ውስጥ ነው። አንዳርጌ ፎቶ ተነስቶ አያውቅም፤ መቃብሩ አይታወቅም፤ እዚህ ምድር ላይ ስሙ ተጽፎ የቀረበት ወረቀት እኔ የማውቀው ይህ ብቻ ነው። ከስሙ ትይዩ ካሉት ምልክቶች ደግሞ ሦስቱ በእኔ እጅ የተጻፉ ውሸቶች ናቸው።

ልጅቷ ምላሷን እንዳነሳች መልሴን ትጠብቃለች። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከምላሷ ሥር ምንም የለም።

“ቀልቷል፤ በይ ሂጂ ተጫወቺ” አልኳት። እሷም ሮጠች።