ከቁጥሩ በታች የነበረው ጽሑፍ

ስቶቭነር ሰፈር ውስጥ ከኮሙኑ፣ ከከተማው አስተዳደር፣ ደብዳቤ የደረሰው ሐበሻ ሁሉ ወደ እኔ ቤት ይዞት ይመጣል። ኖርዌጂያንኛን ክፍል ገብቼ አልተማርኩም። ቢሮ ሳጸዳ ተጥለው ከማገኛቸው ጋዜጦች በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ ለቃቀምኩት። ደብዳቤ ላመጣልኝ ሁሉ ምክሬ አንድ ነው፦ «በደማቅ የተጻፈውን ብቻ አይተህ አትፈርም፤ እስከ መጨረሻዋ መስመር አንብብ።» ልጄ ይህን ስትሰማ ነው ያደገችው። አንዳንዴም ድምፄን አስመስላ ትቀልድብኛለች።

የኖርዌጂያኑ ፋሲካ እኛ ገና ጾም ላይ ሳለን ደረሰ። ሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነችው ልጄ ከክፍል ጓደኛዋ ጋር በስኪ፣ በበረዶ መንሸራተቻ፣ ተራራ ልትወጣ መሆኑን ነገረችኝ።

«ሰው ምን ጎድሎት ነው በበረዶ ተራራ የሚወጣው?» አልኳት።

«አባባ፣ እዚህ አገር ምንም ያልጎደለው ነው የሚወጣው።»

በመጨረሻ ፈቀድኩ፤ ግን በውል። የሚያድሩበት ጎጆ ስልክ እንጂ ኢንተርኔት አይሠራበትም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ትደውላለች፤ እኔ በየቀኑ የሚወጣውን የበረዶ ናዳ ማስጠንቀቂያ፣ የአደጋውን ቁጥርና ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ፣ ኢንተርኔት ላይ ከፍቼ አነብላታለሁ፤ ሳልናገር ከጎጆው አይወጡም። ጓደኛዋንም «አባቴ ሳይጨርስ አይለቅም» ብላ አረጋጋቻት።

ሁለት ቀን ቃል ሳላስቀር አነበብኩ። አደጋው ከአምስቱ ደረጃዎች ሦስተኛው ላይ ስለነበር ሜዳ ሜዳውን ዋሉ። ሦስተኛው ቀን እሑድ ነበር። ቅዳሴ እንዳይረፍድብኝ ጃኬቴን ለብሼ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ ደወለች። ገጹን ስከፍት ቁጥሩ ሁለት ሆኗል።

«ወርዷል። ሁለት ነው፤ ሂዱ» አልኳት።

«ጽሑፉስ?»

«ያው ነው።»

አላነበብኩትም ነበር።

ከቅዳሴ ወጥቼ ስልኬን ስከፍት ወዲያው ጮኸ። «አባባ፣ እኔ ደህና ነኝ» አለች። ልጅ ወሬዋን በዚህ ስትጀምር፣ ደህና ያልሆነ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው። ጓደኛዋ ከፊት ሆና ተዳፋቱን ስትወርድ በረዶው ከበላይዋ ተሰነጠቀና ተዳፋቱ እንዳለ ተነሥቶ ቀበራት። ልጄ በረዶ የቀበረውን ሰው በሚጠቁመው መፈለጊያ መሣሪያ ቦታውን አግኝታ በአካፋ ቆፍራ አወጣቻት። እግሯ ተሰብሯል፤ ነፍሷ ግን አለች። ሄሊኮፕተር ወስዷታል። የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ።

ወደ ቤት ስመለስ ባቡር ውስጥ ያንኑ ገጽ ከፈትኩ። ንፋስ ያከማቸው አዲስ በረዶ ከሥሩ ካለው ደካማ ንብርብር ጋር እንዳልተያያዘ ተጽፏል። የአንድ ሰው ክብደት ሊያስነሣው እንደሚችል ተጽፏል። ወደ ምሥራቅ የሚያዩ ቀጥ ያሉ ተዳፋቶችን ተዉ ይላል። ሁለት ማለት አደገኛው ቦታ ጥቂት ነው ማለት እንጂ የለም ማለት አልነበረም፤ ያ ቦታ የት እንደሆነ የሚናገረው ጽሑፉ ነው። እነሱ የወረዱት በምሥራቁ በኩል ነው። ከመውረጃዬ ሁለት ፌርማታ አልፌ ሄድኩ።

በማግስቱ እኛ ሰፈር ባለው ሮመን የባቡር ጣቢያ ተቀበልኳት። አቅፋኝ እኔን ታጽናናኝ ጀመር። «ሁለት ነበር እኮ አባባ። ማንም ሊያውቅ አይችልም።»

ዝም ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም። ዝም ለማለትም ዳድቶኝ ነበር።

«ይታወቅ ነበር» አልኳት። «ተጽፏል። እኔ ነኝ ያላነበብኩት።»

እጇን ከትከሻዬ አነሣች። «ያው ነው ብለኸኝ ነበር።»

«አዎ። ብዬሻለሁ።»

ከዚያ ሆስፒታል ለተኛችው ጓደኛዋ ደወለችና ስልኩን ሰጠችኝ። «ለእሷም ንገራት።»

የሌላውን ደብዳቤ ስተረጉም የማይጠፋኝ ቋንቋ ያን ጊዜ ጠፋኝ። እየተንተባተብኩ ነገርኳት። ልጅቷ በቀጭን ድምፅ፣ ምን ብሎ ነበር የተጻፈው አለችኝ።

ገጹን አልዘጋሁትም ነበር። የልጄን ስልክ ጆሮዬ ላይ፣ የራሴን ዓይኔ ፊት ይዤ እዚያው ጣቢያው ላይ አነበብኩላት፤ እስከ መጨረሻዋ መስመር።