የዘይቱና ፒንሳ

እህቴ ዘይቱና ዶሮ ሲታረድ ጓሮ ለጓሮ የምትሸሽ ሰው ነበረች። መርፌ ጣቷን ሲወጋት እንኳ ደሙን የምጠርግላት እኔ ታናሿ ነበርኩ። ውሻ ሲያባርረን ድንጋይ የማነሳው፣ ከሰፈር ልጆች ጋር ስትጣላ የምሟገትላት እኔ ሳፊያ ነኝ። በእናታችን ቤት ፈሪዋ ዘይቱና፣ ደፋሯ ሳፊያ ተብለን አደግን። ስሙን ወድጄው ብዙ ዘመን ኖሬበታለሁ። እንዴት እንደወለቀብኝ ልናገር።

ዘይቱና ኮምቦልቻ ተድራ የዚክር መቁጠሪያ፣ ሙስበሃ፣ እየሰካች ለገበያ ታወጣ ነበር። ፊቷን ወደ ጎረቤት አዙራ እያወራች ጣቷ ለብቻው ይቆጥራል፤ ሠላሳ ሦስተኛዋ ፍሬ ላይ ሲደርስ ሳታይ ታውቀዋለች። ባሏ ሸረፈዲን የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ፣ ሳቁ ቤት የሚሞላ ሰው። በ1972 የካቲት ወር ሐርቡ አጠገብ የመኪናው ሞተር ጠፍቶበት በማኖቬላ፣ በማስነሻው ብረት፣ እያዞረ ሊያስነሳው ሲታገል፣ ብረቱ ተፈናጥሮ መንጋጋውን መታው። ደሴ ሲያደርሱት መንጋጋው ሁለት ቦታ ተሰብሯል ተባለ።

ሐኪሙ ጥርሶቹን በሽቦ አሰረለት። ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ ሽቦ ከዳር እስከ ዳር አጋደመና ሁለቱን በአራት ቁም ሽቦ ጠፍሮ ገጠማቸው። ስድስት ሳምንት አፉ አይከፈትም። ድሮ አንድ ጥርሱ ወልቆ ስለነበር በዚያች ክፍተት በቀጭን ጎማ አጥሚትና ሾርባ ይጠጣል፤ ሌላ ምግብ የለም።

ሊወጣ ሲል ቁስል የሚያክሙት ድሬሰር አቶ ስማቸው ዘይቱናን አስቀምጠው መከሯት። እኔም አጠገቧ ነበርኩ፤ ቤቴ እዚያው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ስለሆነ ስንቅ የማመላልስለት እኔ ነበርኩ።

"የሽቦው ጫፍ ጉንጩን ከወጋው ንጹሕ ሰም አለስልሰሽ ለጥፊበት" አሏት። "በጨው ውሃ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይጉመጥመጥ። ሽቦው ከላላ በጣትሽ አትጠምዝዢው፣ እዚህ አምጪው። ይኼ ሁሉ ቀላል ነው።" ከዚያ ከመሳቢያቸው አንዲት ትንሽ ፒንሳ አወጡ። "ካስታወከው ግን አፉ አይከፈትም፤ ትውኪያው ወደ ሳንባው ገብቶ ይገድለዋል። ወደ ፊት ደፍተሽ አራቱን ቁም ሽቦዎች ትቆርጫለሽ። የተጋደሙትን እንዳትነኪ። ይህቺ ፒንሳ ስትተኝም ስትሰግጂም ካንቺ አትለይ።"

የዘይቱና ፊት አመድ መሰለ። "እኔ ደም አልችልም አባባ። እሷን ያስተምሩልኝ፣ እሷ ደፋር ናት" ብላ ወደኔ ጠቆመች።

"አብረሽው የምታድሪው አንቺ ነሽ" አሏት።

ኮምቦልቻ ቤታቸው በገባን በሦስተኛው ቀን የሽቦው ጫፍ ጉንጩን ወጋው። ሰም ፍለጋ ሰፈሩን ስንዞር ጎረቤቷ የኔነሽ ለቤተ ክርስቲያን ያዘጋጀችውን ጧፍ ቆርሳ ሰጠችን። ዘይቱና በጣቷ አሙቃ ለጠፈችለት። "የማርያም ጧፍ በሙስሊም ጉንጭ!" ብዬ ስቀልድ የኔነሽ ሳቀች፤ ሸረፈዲንም በአፍንጫው ሳቀ። ቁስሉ በሳምንቱ ሻረ።

መናገር ስለማይችል የሚፈልገውን በደብተር ይጽፋል። ዘይቱና ደግሞ ፊደል የለየችው ገና በዚያ ዓመት፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። እሱ "ውሃ" ብሎ ጽፎ እስክታነብለት ይጠማል። "እ…ራ…ስ…ጌ…" እያለች ጣቷን በፊደሉ ላይ ስታስኬድ እሱ በንዴት ጉልበቱን ይመታል። እኔ ከትከሻዋ በላይ አንብቤ ልነግራት ስል "ተይኝ፣ የኔ ባል ነው፤ ራሴ አነባለሁ" ትለኛለች።

ፒንሳውን በጥቁር ክር አንገቷ ላይ አሰረችው። ከዚያ መለማመድ ጀመረች። ፍሬ የምትሰካበትን ቀጭን ሽቦ ትቆርጣለች። ማታ ማታ ሸረፈዲንን አስቀምጣ፣ ዐይኗን ጨፍና በጣቷ ጥርሱን እየዳሰሰች፣ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት" ትላለች። እኔ መጥቼ ባየኋት ቁጥር አሾፍኩባት። "ክታብ ነው እንዴ ያሰርሽው?" እላታለሁ። አንድ ቀን ሾርባ ትን ብሎት ሲያስል ፒንሳዋን ይዛ ተነሳችበት። ገፈተራትና "ሰው ስላሳለ ይታረዳል?" ብሎ ጻፈላት። አንብባ እስክትጨርስ ሳሉ ቆሞ ነበር። ያን ለት አለቀሰች። ፒንሳውን ግን አላወለቀችም።

በአራተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ የሸረፈዲን አባት ወዳጅ የነበሩት ሸህ በሺር ከደጋን ዱዓ ሊያደርጉለት መጡ። አራት ሽማግሌዎች አብረዋቸው አሉ። እኔ ከደሴ በማለዳ ወርጄ ቤት ስጠርግ፣ ምንጣፍ ሳነጥፍ ቆይቼ ዘይቱናን ቀና ብዬ ሳያት፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ያ ብረት ደረቷ ላይ ተንጠልጥሏል። አፈርኩባት። እውነቱ ይኸው ነው።

"እትየ፣ በሸሆቹ ፊት ይኼን አንጠልጥለሽ ልትገቢ? የበቅሎ ልጓም እኮ መሰለ!"

"ሳፊያ፣ ተይ…"

"ለዱዓው ሰዓት ብቻ ነው። እኔ እይዘዋለሁ" ብዬ በራሷ ላይ አውጥቼ ወሰድኩት። ማድቤት ገብቼ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ሰቀልኩት፤ ወንፊቱን ደረብኩበት። ወዲያው እንግዶቹ ገቡ፤ እኔም ረሳሁት።

ዱዓው ተደረገ። "አሚን! አሚን!" ተባለ፤ ጫቱ ተመርቆ ታደለ። ሸህ በሺር ጥርስ የላቸውም። ጫታቸው በትንሽ ሙቀጫ ተወቅጦ ነው የሚቀርብላቸው። ከዚያው ላይ በስኳር ውሃ በጥብጠው ጥቂት በፍንጃል አደረጉና ወደ ሸረፈዲን ዘረጉ።

"እንካ ልጄ። ይኼን ያህል ሰንብተህ ከጫቱ ጀማ ስትቀር ጊዜ አንጀቴን በላኸው።"

ዘይቱና ከበሩ ሥር "አባየ፣ ሐኪሙ ማኘክ ከልክሎታል" አለች፣ በዝግታ።

"ማን አኝክ አለው? እኔ ስንት ዘመኔ፣ ያለ ጥርስ ስቅም!"

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገሩ ልክ መስሎኝ ነበር። ጥርስ ለማይፈልግ ነገር የጥርስ ሽቦ ምን አገባው? ሽማግሌውም ክፋት የለባቸውም፤ በረካቸውን ነው ያካፈሉት። ዱዓ ያደረገን እጅ ደግሞ ማን ይመልሳል? ሸረፈዲን በሁለት እጁ ተቀብሎ በጎማው ሳበው።

ባዶ ሆዱን ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግንባሩ በላብ ቸፈፈ። እጁን ሆዱ ላይ አደረገ። ደብተሩን ስቦ እርሳሱን ያዘ፤ አንድ ፊደል እንኳ ሳይጽፍ እርሳሱ ከእጁ ወደቀ። ከዚያ ትከሻው ተነሳ፤ ዐይኑ ተጎለጎለ፤ በጥርሶቹ መሃል አረንጓዴ ውሃ መጣ። አፉን ሊከፍት ይታገላል፤ ሽቦው አይለቀውም። ድምፅ የለውም። ዝም ብሎ ይታፈናል።

ዘይቱና እጇን ወደ ደረቷ ላከች። ባዶ ነው። ዞራ አየችኝ።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ማድቤቱ በር ጀርባ እጄን ሰደድኩ፤ ወንፊቱ ወደቀ፤ ምስማሩ ባዶ ነው። ያረቢ! ፒንሳውን ወንፊቱ ይዞት ወርዷል። መሬት ተንበርክኬ አመዱን፣ ጭራሮውን እዳስሳለሁ። በግድግዳው ማዶ ሽማግሌዎቹ "ላ ኢላሃ ኢለላህ" ሲሉ ይሰማኛል። ከአመዱ ውስጥ ብረት ነካኝ።

ስመለስ ዘይቱና ሸረፈዲንን ጉልበቷ ላይ ወደ ፊት ደፍታ ይዛዋለች። ከንፈሩ ጠቁሯል።

"ሳፊያ፣ አንቺ ደፋሯ፣ ቁረጪለት!" አሉኝ ሸህ በሺር።

ተንበርክኬ አፉን አየሁ። አረንጓዴና ደም ነው፤ ሽቦ የሚባል አይታይም። ፒንሳውን ወደ ከንፈሩ አስጠግቼ መልሼ ሳብኩት። አልቻልኩም።

ዘይቱና ከእጄ ነጠቀችኝ። ዐይኗን ጨፈነች። የግራ ጣቷን በከንፈሩ ሥር ሰዳ "አንድ" አለች፤ ቀጭ። "ሁለት።" ሸረፈዲን በእግሩ መሬቱን ይፍቃል። "ሦስት።" እዚህ ላይ ጣቷ ቆመ፤ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ እንደገና ዳሰሰ። እኔ ጮህኩ። እሷ አልሰማችኝም። "አራት።"

አፉ ተከፈተ። ሁሉም ወጣ። ከዚያ አየር ሲስብ የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም። ዘይቱና አፉን በነጠላዋ ጠረገችለት፣ ለሸህ በሺር አስረከበችው፣ ጓሮ ወጥታ አስታወከች።

በዚያው ቀን ደሴ ወሰድነው። የተጋደሙት ሽቦዎች ስላልተነኩ ቁሞቹን መልሰው አሰሩለት፤ ስድስቱ ሳምንት ግን እንደገና ከአንድ ተጀመረ። በማግስቱ አልጋው ላይ ተደግፎ ደብተሩን ስቦ ጻፈና ለዘይቱና ሰጣት። እኔ በትከሻዋ በኩል አንድ ጊዜ አየሁና ጨርሼ አነበብኩት። "ፒንሳው አንገትሽ ላይ አልነበረም። ማን አወለቀው?" ይላል።

እሷ ጣቷን ፊደሉ ላይ አድርጋ ጀመረች። "ፒ…ን…ሳ…ው…" እኔ የአንሶላውን ጫፍ አጥፌ መልሼ ዘረጋሁ። "አ…ን…ገ…ት…ሽ…" እኔ ነኝ ለማለት ያን ሁሉ ጊዜ ነበረኝ። "ማ…ን…" ሸረፈዲን ዐይኑን ከፊቷ አልነቀለም። አነበበችና ወረቀቱን አጠፈችው።

"እኔው ነኝ" አለችው። "ከበደኝና አወለቅሁት።"

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሦስት ቀን አልጻፈላትም። ሾርባ ስታጠጣው ጎማውን ይቀበላታል፤ አያያትም። እኔ ደፋሯ ጥግ ላይ ተቀምጬ ይህን ሁሉ አየሁ፤ ዝም አልኩ። ወደ ኮምቦልቻ ሊመለሱ ሲሉ ዘይቱና መልሳ ያጠለቀችውን ፒንሳ ከአንገቷ አውጥታ አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝ። "አብረሽን ውረጂ። አሁን አንቺ ያዢው" አለችኝ። ስድስት ሳምንት እነሱ ቤት አድሬ ስተኛም፣ ስሰግድም ይዤው ነበር።

መንጋጋው ትንሽ ዘመም ብሎ ገጠመ እንጂ ሸረፈዲን ዛሬም ደህና ነው። ዐይኑ ግን ደክሟል፤ ደብዳቤ የምታነብለት ዘይቱና ናት። ይህንንም ለእነሱ እልከዋለሁ።

እትየ፣ እዚህ ጋ ስትደርሺ እንዳትዘልዪው። ጮክ ብለሽ አንብቢለት፤ ፒንሳውን ያወለቅሁት እኔ ነኝ።