ጆሮ የሌለው አሽከር

ልጅ ሳለሁ ሰው ሲያወራኝ አፉን ሳይሆን አንገቱን የማይ ክፉ ተጠራጣሪ ነበርኩ። ይህን አመል ያስያዙኝ ጋሼ ተሰማ ናቸው። ከጎጃም በረንዳ ጀርባ አምስት ቤተሰብ የሚኖርበት ግቢ ነበረን፤ የመጨረሻዋ ክፍል የእሳቸው ነበረች። ዕድሜያቸውን ሙሉ በድሬሰርነት ቁስል ሲያጥቡና መርፌ ሲወጉ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ስለነበር፣ አመሻሹ ላይ የገበያው ጫጫታ ረገብ ሲል የከሰል ምድጃቸውን ደጃፋቸው ላይ አውጥተው፣ ኩራዛቸውን ከጎናቸው አስቀምጠው፣ በቆሎ እየጠበሱ የግቢውን ልጆች ተረት ያወሩን ነበር። የኩራዙ ጭስ አፍንጫችንን እያጠቆረው፣ ፍሙ ሲንጣጣ ወደኋላ እያልን፣ ተመልሰን እየተጠጋን እንሰማቸዋለን።

ከተረቶቻቸው ሁሉ ያልለቀቀኝ የሁለቱ አሽከሮች ነው። ሰውነት የሚባል ትልቅ ቤት ነበር ይላሉ፤ ጌታው ፎቁ ላይ፣ ጭንቅላት ውስጥ ተቀምጦ ያዛል። አንደኛው አሽከር ታዛዥ ነው። ተነሳ ሲሉት ይነሳል፣ ያዝ ሲሉት ይይዛል፤ እጅና እግር፣ አንገትና ምላስ በእሱ ሥር ናቸው። ሁለተኛው ግን ጆሮ የለውም። ልብን ያስመታል፣ ምግብ ያስፈጫል፣ ላብ ያወጣል፣ ምራቅ ይቀዳል፣ የዓይን ብሌን ያሰፋል ያጠባል፤ ጌታው ቢለምነው አይሰማም፣ ጌታው ቢተኛም ሥራውን አያቆምም። ሁለት እጅ አለው፤ በአንዱ ያጣድፋል፣ በሌላው ያረጋጋል።

«ስትደነግጡ ያ የሚያጣድፈው እጁ ምራቃችሁን ይዘጋና ደሙን ወደ እግራችሁ ይሰደዋል፤ እንድትሮጡ» አሉን አንድ ቀን።

«እና ጋሼ፣ እሱ መዋሸት አይችልም ማለት ነው?» አልኳቸው።

«በምን ጆሮው ሰምቶ ይዋሻል ሰሚራዬ! የሰረቀን ሰው ደረቅ በሶ አቅሚው፤ አይወርድለትም።»

ከዚያ ወዲያ ማንንም ማመን አቃተኝ። አባቴ ምንጣፍ ሱቁ በር ላይ ቆሞ «ወላሂ ከዚህ በታች አያዋጣኝም» ሲል ዓይኔ አንገቱ ላይ የሚዘለው የደም ሥር ላይ ነው። እናቴ «አልተቆጣሁም» ስትለኝ አፍንጫዋ ላይ ላብ እፈልጋለሁ። ያኔ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ግን ለአካባቢዬ የማልመች፣ ነገረኛ ልጅ ነበርኩ።

በዚህ መሐል የእትዬ ሽታዬ የወርቅ ጉትቻ ጠፋ። እትዬ ሽታዬ በርበሬ ተራ የሚነግዱ ጎረቤታችን ናቸው። ያን ቀን ቤታቸው የገባነው ሦስት ሰዎች ነበርን፦ ክብሪት ልዋስ የሄድኩት እኔ፣ ታናሽ ወንድማቸው ጌታሁን፣ እና ከጎጃም ከመጣች አራት ወር ያልሞላት ሠራተኛቸው ትርንጎ። እትዬ ሽታዬ ማንን እንደጠረጠሩ ሳይናገሩም ያስታውቅ ነበር። «ነገ ጓዝሽን ይዘሽ ውልቅ ትያለሽ!» ሲሏት ትርንጎ እግራቸው ላይ ወደቀች። ሌላ የምትገባበት ቤት፣ በከተማው የምታውቀው ሰው አልነበራትም።

«ጋሼ፣ ለምን በበሶው አናረጋግጥም?» ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ጋሼ ተሰማ ትንሽ አመነቱ፤ ግቢው ሁሉ ዞሮ ሲያያቸው ግን ደስ አላቸው መሰለኝ፣ ገብተው የበሶውን ቆርቆሮ ይዘው ወጡ።

ኩራዙ ዙሪያ ተደረደርን። ጌታሁን የተሰጠውን ማንኪያ ሙሉ በሶ ቃመ፣ አላመጠ፣ ዋጠ፤ አፉን ከፍቶ አሳየና «ስኳር ቢኖረው ጥሩ ነበር» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ እኔ ነበርኩ። የማንንም ጉትቻ በእጄ አልነካሁም። ግን ያ ሁሉ ዓይን አፌ ላይ ሲያርፍ ልቤ ይደልቅ ጀመር፣ ምላሴ እንደ ጨርቅ ሆነ፣ በሶው ላንቃዬ ላይ ተለጠፈ። ዋጪ ብዬ ራሴን ባዝዘው ምራቅ ከየት ይምጣ! እንደሚያስለው ሰው ሆኜ የሻሼን ጫፍ ወደ አፌ አስጠጋሁና ተፋሁበት። ጋሼ ኩራዙን እንኳ በቅጡ አላስጠጉልኝም። «ጎበዝ» ብለው አለፉኝ።

ትርንጎ ገና ስትቅመው ትን አላት። ዱቄቱ ከአፏ ወጥቶ ፍሙ ላይ ቦነነ።

«አላልኩም!» አሉ እትዬ ሽታዬ።

«ፈርቼ ነው እትዬ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ፈርቼ ነው!»

የሰማት የለም። እኔ ግን ሰማኋት፤ እውነቷን ሊሆን እንደሚችል ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ማስረጃውም ሻሼ ውስጥ ተጠቅልሎ እጄ ላይ ነበር።

አድጌ የነርስነት ትምህርት ስማር የሁለቱን አሽከሮች ስም አገኘሁት፦ ሶማቲክና አውቶኖሚክ የነርቭ ሥርዓት። ጋሼ ተሰማ የነገሩን ትክክል ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ ሳቱ። ያ ጆሮ የሌለው አሽከር አደጋ ሲሸተው ይነሳል እንጂ ጥፋተኛውን ከንጹሑ አይለይም። የሰረቀም የተጠረጠረም አፉ እኩል ይደርቃል። በተቃራኒው፣ ልቡ የማይደነግጥ ሌባ በሶውን አጣጥሞ ይውጣል። ጉትቻው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ትርንጎ ወስዳውም ሊሆን ይችላል፤ አላውቅም። ጌታሁንን በመንገድ ባገኘሁት ቁጥር ግን ሰላምታ እየሰጠሁት ያ ሳቁ ትዝ ይለኛል፣ ጥርጣሬዬም እንዳዲስ ይነሳል።

ሌላውን መጠርጠር አሁንም ይቀለኛል። ያኔ በበሶው ማግስት ጠዋት ትርንጎ ልብሷን በአንድ ፌስታል ይዛ ስትወጣ የግቢው በር ላይ ተገናኘን። ዓይኗ አብጧል። ልትሰድበኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ጎንበስ ብላ፣ በሹክሹክታ፣ ከልቧ ማወቅ የፈለገች ሆና ጠየቀችኝ፦

«አንቺ ግን ከምርሽ ዋጥሽው?»

ልቤ እንደገና ደለቀ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ እሱን ላቆመው አልችልም ነበር፣ በእሱም ራሴን አልወቅስም። አንገቴን ግን ማንም አልያዘብኝም ነበር። አዎ ብዬ ነቀነቅኩላት። እሷም ያን ስታይ፣ ጥፋቱ የእሷው እንደሆነ ሁሉ፣ ፌስታሏን አንስታ ወደ አብነት የሚወስደውን መንገድ ይዛ ሄደች።