የሰንበቴው ሰንጋና የአባቴ ፊት

የዘይት ቀለም የምማረው ደሴ ካለ አንድ መምህር ነው። የሠራሁትን በስልክ አንስቼ እልክለታለሁ፤ እሱ ያርመኛል። «ሰው ያለበት ፎቶ ፈልግና እንዳለ ወደ ሸራ ገልብጥ» ሲለኝ አባቴን መረጥኩ። ሰንበቴ ገበያ ጀርባውን ከሰጠኝ አንድ የአፋር ነጋዴ ጋር በሰንጋ ዋጋ ሲከራከር፣ ሳያየኝ ያነሳሁት ፎቶ ነበረኝ።

ጣጣው «ሳያየኝ» የሚለው ላይ ነው። አባቴ ለመታወቂያ ካልሆነ ፎቶ አይነሳም። ልጅ ሆኜ ግድግዳ ላይ በከሰል ሰው ስስል አገኘኝና፣ «በቂያማ ቀን፣ ሙታን ሲነሱ፣ ነፍስ ዝራበት ትባላለህ፤ ከየት ታመጣለታለህ?» አለኝ። አልመታኝም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር፤ ዱላ ይረሳል።

ከሚሴ ቤታችን፣ ጓዳ ውስጥ ተደብቄ ጀመርኩ። የቀለም ማቅጠኛው የአኳራጅ ሽታ ቤቱን ሲሞላው የውጭውን በር ልቀባ ነው አልኩ። እናቴ እስከዛሬ «በሩን መቼ ነው?» ትለኛለች።

ሰንጋው አላስቸገረኝም። ጥላውን አስቀድሜ፣ ብርሃኑን ከላይ እየደረብኩ ስሄድ የአባቴ ሽርጥ መጣ፣ ዱላው መጣ፣ ያ ወደ ግራ ያዘነበለ ትከሻውም መጣ። ሌላው ተማሪ አልመስል አለኝ ብሎ ይጨነቃል፤ እኔ መሰለብኝ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። መምህሬ «ፊቱስ?» ሲል «ነገ» እላለሁ። የፊቱን ቦታ ቡናማ ቀብቼ ተውኩት።

የፈሩት ይደርሳል፤ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከአሱር ሰላት መልስ አባቴ ጓዳ ገባ። ጨርቅ እንዳላለብሰው ቀለሙ እርጥብ ነው።

ብዙ ቆሞ አየው። «ይሄ የሸጥኩት ቀዩ ሰንጋ ነው» አለ። ቀጥሎም፣ «ይሄ ደግሞ እኔ ነኝ።»

«አዎ፣ አባ።»

«ፊቴን ለምን ተውከው?»

«ፈርቼ ነው።»

ዞሮ አየኝ። እንደዚያ ከፍቶት አይቼው አላውቅም።

«ኢልማ ኮ» አለኝ፤ ልጄ ሲለኝ እንዲህ ነው። «የፈራኸው አላህን ነው ወይስ እኔን?»

አላህን ብል መዋሸቴ ነው፤ እሱን ብል ደግሞ እንዴት አድርጌ ፊት ለፊቱ ልናገረው? ብሩሹን አንስቼ በጨርቅ እጠርግ ጀመር። «ሳል»ም «አትሳል»ም ሳይለኝ ወጣ።

ሥዕሉ ዛሬም ፊት የለውም። ያየው ሰው ሁሉ ለዲኔ ብዬ የተውኩት ይመስለዋል፤ እኔም አይደለም አልልም።